የኤሌክትሪክ ኃይል ምንጮች ጥቅምና ጉድለት በታሪክ ሲመዘን፦ ከደብረ ታቦርና ከደቡብ ጎንደር ደጋ አንጻር

መግቢያ

የኤሌክትሪክ ኃይል ምንጮችን ጥቅምና ጉድለት ማነጻጸር በሳይንስም ሆነ በኅብረተሰብ ትምህርት ክፍለ ጊዜ ዘወትር ከሚነሡት ጥያቄዎች አንዱ ነው። ጥያቄው አብዛኛውን ጊዜ የሚቀርበው በሠንጠረዥ መልክ ነው። በአንድ ወገን የውኃ፣ የናፍጣ፣ የነፋስ፣ የፀሐይና የከርሰ ምድር እንፋሎት ስም ይዘረዘራል፤ በሌላው ወገን ርካሽ፣ ውድ፣ ንጹሕ፣ በካይ የሚሉ ቃላት ይሞላሉ። ተማሪው ይህን ሠንጠረዥ በቃሉ አጥንቶ ፈተናውን ሊያልፍ ይችላል። ይሁን እንጂ ርካሽ የተባለው ለማን ርካሽ እንደ ሆነ፣ ንጹሕ የተባለውም በየትኛው ወቅትና በየትኛው ቦታ ንጹሕ እንደ ሆነ ሳይታወቅ ይቀራል።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ ይህንኑ ማነጻጸር ከሠንጠረዥ አውጥቶ በታሪክ ውስጥ ማየት ነው። ለዚህም ደብረ ታቦርና በዙሪያዋ ያለው የደቡብ ጎንደር ደጋ ተመርጧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። አካባቢው ጣናን ከሚመግቡት ዋና ዋና ወንዞች የሁለቱ፣ ማለትም የርብና የጉማራ፣ መነሻ የሆነው የጉና ተራራ ያለበት ነው። በደቡብ ምዕራብ በኩል የዓባይ ወንዝ ደቡብ ጎንደርን ከጎጃም ይለያል፤ የጢስ ዓባይም ፏፏቴ በዚሁ ድንበር ላይ ይገኛል። ስለዚህ በሀገሪቱ የኤሌክትሪክ ታሪክ ውስጥ የታየው ልማትም ሆነ ችግር ለዚህ ደጋ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ከኤሌክትሪክ በፊት የነበረው ኃይል

ከደብረ ታቦር ከተማ ጥቂት ኪሎ ሜትር ራቅ ብሎ የሚገኘው ጋፋት በኢትዮጵያ የቴክኒክ ታሪክ የታወቀ ስፍራ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ በ1850ዎቹ አውሮፓውያን የእጅ ባለሙያዎችን በዚያ አስፍረው መድፍ እንዲያቀልጡላቸው አድርገዋል። ሴባስቶፖል የተባለው ታላቅ መድፍ በ1859 ዓ.ም. ከተሠራ በኋላ እስከ መቅደላ የተጓጓዘው በሰው ጉልበት ተጎትቶ ነው። በዚያ ዘመን ለማቅለጫው ምድጃ የዋለው ነዳጅ እንጨትና ከሰል ነበር፤ ለማንሣትና ለመጎተት የዋለው ኃይል ደግሞ የሰውና የእንስሳ ክንድ ነበር። ኤዲሰን በኒውዮርክ ከተማ የመጀመሪያውን ሕዝባዊ የኤሌክትሪክ ማመንጫ ሥራ ያስጀመረው እ.ኤ.አ. በ1882 ሲሆን፣ ይህም ሴባስቶፖል ከተሠራ ከ15 ዓመት በኋላ ነው። ስለዚህ ጋፋትን ከኤሌክትሪክ ዘመን የሚለየው ጊዜ ያን ያህል ረጅም አልነበረም፤ ረጅም የሆነው ኤሌክትሪክ ወደ ደጋው ለመድረስ የወሰደበት ጊዜ ነው።

የጋፋት ታሪክ ለዛሬው ማነጻጸር የሚሰጠው ትምህርት አለ። ማንኛውም የኃይል ምንጭ ዋጋ አለው። ዋጋው ግን ሁልጊዜ በገንዘብ አይከፈልም። በእንጨትና በኩበት ላይ የተመሠረተ ኑሮ በገበያ ሲታይ ርካሽ ይመስላል። በፋርጣ፣ በእስቴ፣ በጋይንትና በሌሎችም የደጋ ወረዳዎች ግን ይህ ርካሽ ኃይል በሦስት መንገድ ሲከፈልበት ኖሯል። አንደኛ፣ የተራራው ደን ተመናምኖ አፈሩ በክረምት ጎርፍ ይታጠባል። ሁለተኛ፣ ለእርሻው ማዳበሪያ መሆን የሚገባው ፍግ ኩበት ሆኖ በምድጃ ውስጥ ይቃጠላል። ሦስተኛ፣ ማገዶ ለቀማውና ሸክሙ በሴቶችና በልጆች ላይ ይወድቃል፤ ይህም ልጃገረዶች በትምህርት ገበታ ላይ የሚውሉበትን ሰዓት ይሻማል። ከዚህ የተነሣ በደጋው ስለ ኤሌክትሪክ ምንጭ የሚደረግ ማንኛውም ውይይት ከአምፑል ብቻ ሳይሆን ከምጣድም ጭምር መነሣት ይኖርበታል።

የናፍጣ ሞተር ዘመን

የኤሌክትሪክ ብርሃን በኢትዮጵያ የታየው በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ገደማ፣ በቤተ መንግሥቱ ውስጥ በተተከለ ሞተር አማካይነት ነው። ከዚያም በኋላ ለብዙ ዘመን በሀገሪቱ ትናንሽ ከተሞች ኤሌክትሪክ ማለት የናፍጣ ሞተር ማለት ነበር። የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን በ1948 ዓ.ም. ከተቋቋመ ወዲህ ሥራው በሁለት ወገን ተከፈለ። አንደኛው ወገን በታላላቅ የውኃ ማመንጫዎችና በረጃጅም መስመሮች የተያያዘው አንድ ወጥ መረብ ነው። ሁለተኛው ወገን ከዚህ መረብ የራቁት ከተሞች እያንዳንዳቸው በራሳቸው ማመንጫ፣ አብዛኛውን ጊዜም በናፍጣ ሞተር፣ የሚጠቀሙበት ነው።

የናፍጣ ሞተር ጥቅሞች በቀላሉ የሚናቁ አይደሉም። ሞተሩን በጥቂት ወራት ውስጥ አጓጉዞ መትከል ይቻላል። ግድብ፣ ዋሻና ረጅም መስመር አይሻም። ዝናብ ቢዘገይም፣ ፀሐይ በደመና ብትሸፈንም፣ ነዳጁ እስካለ ድረስ ይሠራል። በሕክምና ጣቢያ፣ በወፍጮ ቤትና በመስኖ ላይ የሰጠው አገልግሎት የማይካድ ነው። በድንጋይ ወፍጮ ላይ ተንበርክካ ታድር የነበረችውን የገጠር እናት በመጀመሪያ ከዚህ ድካም ያሳረፋት ኤሌክትሪክ ሳይሆን የናፍጣ ወፍጮ ነው።

ጉድለቱ ያለው በነዳጁ ላይ ነው። ኢትዮጵያ ነዳጅዋን የምትገዛው ከውጭ በውጭ ምንዛሪ ነው። ቀድሞ በአሰብ ወደብና በአሰብ ማጣሪያ፣ ኋላም በጅቡቲ በኩል የሚገባው ናፍጣ ደጋው ላይ ለመድረስ በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር የሚቆጠር ተራራማ መንገድ በቦቴ መጓዝ አለበት። ከወረታ በደብረ ታቦር አልፎ ወልድያ የሚደርሰውና ሕዝቡ የቻይና መንገድ እያለ የሚጠራው መንገድ በደርግ ዘመን ከመሠራቱ በፊት ይህ ጉዞ ምን ያህል አስቸጋሪ እንደ ነበር ለመገመት አያዳግትም። አንድ አነስተኛ ማመንጫ ከአንድ ሊትር ናፍጣ የሚያወጣው 3 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ ያው አንድ ሊትር ሲቃጠል 2.7 ኪሎ ግራም ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ወደ አየር ይለቀቃል። በዚህም ምክንያት በብዙ ትናንሽ ከተሞች መብራት የሚሰጠው በምሽት ለጥቂት ሰዓታት ብቻ ነበር። ቀን ለትምህርት ቤት ቤተ ሙከራ ወይም ለአነስተኛ ፋብሪካ የሚሆን ኃይል አልነበረም ማለት ነው።

የነዳጅ ዋጋ ከሀገር ውጭ በሚወሰን ነገር ላይ የቆመ መሆኑ ምን ሊያስከትል እንደሚችል የ1966 ዓ.ም. ታሪክ በቂ ምስክር ነው። በመካከለኛው ምሥራቅ ጦርነት ሳቢያ የዓለም ነዳጅ ዋጋ ሲንር፣ በዚያው ዓመት በየካቲት ወር በአዲስ አበባ የታክሲ ነጂዎች በቤንዚን ዋጋ መጨመር ምክንያት ሥራ አቁመዋል፤ ይህም አድማ የዘውዱን ሥርዓት ካናወጡት ክስተቶች አንዱ ሆኗል። ከሩቅ ባሕር ማዶ የተነሣ ችግር የአንዲትን የደጋ ከተማ መብራት ሊያጠፋ የሚችልበት መንገድ ይህ ነው።

የትምህርት ሥራም ከዚህ ችግር አላመለጠም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ በገጠር የማታ ትምህርቱን ያካሄደው በፋኖስና በኩራዝ ብርሃን ነበር፤ ላምባውም ከውጭ የሚመጣ ነበር። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች በሳተላይት የሚተላለፍ የቴሌቪዥን ትምህርት ሲጀመር ደግሞ የኤሌክትሪክ መስመር ላልደረሰባቸው ትምህርት ቤቶች የተገኘው መፍትሔ ማመንጫ ሞተር ነበር። ትምህርቱ በማዕከል በተወሰነ ሰዓት ስለሚተላለፍ፣ ነዳጅ ያለቀበት ወይም ሞተሩ የተበላሸበት ትምህርት ቤት ያን ቀን ያመለጠውን ትምህርት መልሶ ማግኘት አይችልም ነበር። ሞተሩን መግዛት አንድ ነገር ነው፤ በየወሩ ነዳጁን፣ ዘይቱን፣ መለዋወጫውንና ጠጋኙን ማግኘት ሌላ ነገር ነው። በዕቅድ ላይ የመጀመሪያው ወጪ ጎልቶ ሲታይ ሁለተኛው ብዙ ጊዜ ይዘነጋል።

የውኃ ኃይል፦ ከጢስ ዓባይ እስከ በለስ

በሀገሪቱ የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ በአቃቂ ወንዝ ላይ የተሠራው አባ ሳሙኤል ሲሆን፣ ኃይሉም 6.6 ሜጋዋት ነበር። በ1952 ዓ.ም. በአዋሽ ወንዝ ላይ የቆቃ ማመንጫ በ43.2 ሜጋዋት ሥራ ጀመረ። ለሰሜን ምዕራቡ ክፍል ግን ታላቁ ምዕራፍ የተከፈተው በ1956 ዓ.ም. የጢስ ዓባይ ማመንጫ ሲቋቋም ነው። ይህ ማመንጫ 11.4 ሜጋዋት ገደማ የማመንጨት ችሎታ የነበረው ሲሆን፣ ኃይሉ በመጀመሪያ የተላከው ወደ ባሕር ዳር ከተማና በ1953 ዓ.ም. በዚያ ወደ ተቋቋመው የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ነበር።

የጢስ ዓባይ የመጀመሪያ ማመንጫ ለተማሪ ጥሩ ምሳሌ ነው። ከፍታው 45 ሜትር ያህል የሆነውን የተፈጥሮ ፏፏቴ ተጠቅሞ ከወንዙ ጥቂቱን ውኃ ወደ ቦይ በማዞር ይሠራ ነበር እንጂ ታላቅ ግድብ አላስፈለገውም። የጣና ሐይቅ ራሱ የክረምቱን ውኃ ይዞ በበጋ ቀስ በቀስ ስለሚለቅ፣ ተፈጥሮ የሠራችው ማጠራቀሚያ ሆኖ አገልግሏል። ፏፏቴውም ግርማውን እንደያዘ ቆየ። ከዚህ የሚበልጥ የጥቅምና የጉዳት ሚዛን በየትም ቦታ ማግኘት ያስቸግራል።

ሆኖም ማመንጫው በዘመኑ ምን ያህል ትንሽ እንደ ነበር አንድ ቀላል ስሌት ያሳያል። አንድ የኤሌክትሪክ ምጣድ 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይወስዳል። 11.4 ሜጋዋት ማለት 11,400 ኪሎዋት ስለሆነ፣ ማመንጫው በሙሉ ኃይሉ ቢሠራ በአንድ ጊዜ ሊያግል የሚችለው ከ3,260 የማይበልጥ ምጣድ ብቻ ነው፤ ፋብሪካው ቆሞ፣ የአንድ መንገድም መብራት ሳይበራ ማለት ነው። ከተሞች እያደጉ ሲሄዱ ተጨማሪ ኃይል መፈለጉ የማይቀር ነበር።

በዚህም መሠረት የጣናን መውጫ ለመቆጣጠር በጨረጨራ መከላከያ ግድብ ተሠርቶ በ1988 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ በ1993 ዓ.ም. ተጨማሪ መዝጊያዎች ተተከሉለት። በዚያው ዓመት 73 ሜጋዋት ገደማ የሚያመነጨው ሁለተኛው የጢስ ዓባይ ማመንጫ ተመረቀ። በዚህ ጊዜ ሚዛኑ ተለወጠ። አዲሱ ማመንጫ ብዙ ውኃ ስለሚሻ በፏፏቴው ላይ የሚወርደው ውኃ በዓመቱ አብዛኛው ክፍል እጅግ ቀጠነ። ጢስ እሳት የሚለውን ስም ያሰጠው የሚጨስ የውኃ ትነት በበጋ የሚናፈቅ ነገር ሆነ፤ በጎብኚዎች ገቢ የሚተዳደሩት የአካባቢው ነዋሪዎችም ጉዳቱን ቀመሱ። ከዚህም በላይ በ1995 ዓ.ም. የዝናብ እጥረትና ለማመንጨት የተለቀቀው ውኃ ተደምረው የሐይቁን ወለል በመዝገብ ከታወቀው ሁሉ ዝቅ አደረጉት፤ የጣና መርከቦችም ለአራት ወር ያህል መጓዝ አቁመው ነበር። በዚያው ዓመት በሀገሪቱ የመብራት ፈረቃ ታውጇል። ውኃው ለኤሌክትሪክ፣ ለመርከብ፣ ለዓሣ፣ ለፏፏቴና ለሐይቁ ዳር ገበሬ በአንድ ጊዜ እንደማይበቃ ሁሉም በግልጽ ያየው ያን ጊዜ ነው።

በግንቦት 2002 ዓ.ም. የተመረቀው የጣና በለስ ማመንጫ ለዚህ ጥያቄ የተለየ መልስ ይዞ መጣ። ውኃው በዓባይ መውጫ በኩል ሳይሆን ከሐይቁ ምዕራብ ዳርቻ 12 ኪሎ ሜትር ርዝመት ባለው ዋሻ ተመርቶ ወደ በለስ ወንዝ ሸለቆ ይወርዳል። የማመንጨት ችሎታው 460 ሜጋዋት ነው። እዚህ ላይ መምህራን ለተማሪዎቻቸው ሊያስረዱት የሚገባ የፊዚክስ መሠረት አለ። አንድ ሜትር ኩብ ውኃ፣ ይኸውም 1,000 ኪሎ ግራም፣ ከ45 ሜትር ከፍታ ሲወርድ ምንም ብክነት ሳይታሰብ የሚሰጠው 0.12 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው። ያው ውኃ ከ300 ሜትር ሲወርድ ግን 0.8 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። በበለስ በኩል ያለው ቁልቁለት ከ300 ሜትር በላይ ስለሆነ፣ ከጣና የተቀዳው እያንዳንዱ ሜትር ኩብ ውኃ በጢስ ዓባይ ከሚሰጠው ሰባት እጥፍ ያህል ኃይል ይሰጣል።

ከመሐንዲሱ ዓይን ሲታይ ውሳኔው አያጠራጥርም። ከጢስ ዓባይ ነዋሪ ዓይን ሲታይ ግን ውኃው ፏፏቴው ዘንድ ሳይደርስ ወደ ሌላ ሸለቆ ሄዷል፤ የጢስ ዓባይ ሁለት ማመንጫዎችም መደበኛ ሥራቸውን ትተው ተጠባባቂ ሆነዋል። ሁለቱም ወገኖች የሚናገሩት እውነት ነው። አንዱን ምንጭ ከሌላው ለማበላለጥ ኪሎዋትን መቁጠር ብቻ የማይበቃው ስለዚህ ነው።

የውኃ ኃይል ሌላው ጉድለት በዝናብ ላይ መመርኮዙ ነው። በ2001 ዓ.ም.ና በ2011 ዓ.ም. በማጠራቀሚያዎች ውኃ መቀነስ ምክንያት እንደ ገና ፈረቃ ተደርጓል። ማጠራቀሚያ በደለል ሲሞላም ዕድሜው ያጥራል፤ ቆቃ በዚህ ረገድ የታወቀ ምሳሌ ነው። እዚህ ላይ የጉና ተራራና የምድጃው ጉዳይ ተመልሶ ይመጣል። የተራቆተ ተዳፋት የሚያወርደው ደለል በርብና በጉማራ ተጉዞ ወደ ፎገራ ሜዳና ወደ ጣና ይገባል። ስለዚህ ለማገዶ የተቆረጠው ዛፍ በመጨረሻ የውኃ ኃይልንም ይጎዳል ማለት ነው። በደጋው የሚደረገው የእርከንና የችግኝ ተከላ ሥራ የግብርና ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የኤሌክትሪክም ጉዳይ መሆኑን ተማሪው ሊረዳው ይገባል።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ በ5,150 ሜጋዋት ችሎታው የሀገሪቱን የማመንጨት አቅም ወደ አዲስ ደረጃ አሸጋግሮታል። ይህ ከመጀመሪያው የጢስ ዓባይ ማመንጫ 450 እጥፍ ያህል ነው። ይሁን እንጂ የማመንጨት አቅም መብዛትና ኃይሉ ከገበሬው ጎጆ መድረስ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መሆናቸው ሊዘነጋ አይገባም።

ነፋስ፣ እንፋሎትና ቆሻሻ

ኢትዮጵያ በውኃ ላይ ብቻ የመተማመንን አደጋ ተረድታ ወደ ሌሎች ምንጮች ፊቷን ካዞረች ቆይታለች። በ2004 ዓ.ም. የአዳማ የመጀመሪያ የነፋስ ማመንጫ በ51 ሜጋዋት፣ በ2006 ዓ.ም. በትግራይ የአሸጎዳ ማመንጫ በ120 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የአዳማ ሁለተኛው ማመንጫ በ153 ሜጋዋት ሥራ ጀምረዋል። የነፋስ ታላቅ ጥቅሙ ነዳጅ አለመሻቱ ብቻ አይደለም። በሀገራችን ነፋሱ የሚበረታው በአብዛኛው በበጋ፣ ማለትም የማጠራቀሚያዎቹ ውኃ በሚቀንስበት ወራት ነው። ስለዚህ ነፋስና ውኃ እንደ ጥማድ በሬዎች ሊደጋገፉ ይችላሉ። ጉድለቱ ነፋሱ በታዘዘበት ሰዓት የማይነፍስ መሆኑና፣ መሣሪያውም መለዋወጫውም ከውጭ የሚመጣ መሆኑ ነው።

የከርሰ ምድር እንፋሎት ከዝናብም ከነፋስም ነጻ ሆኖ ቀንና ሌሊት ሊሠራ የሚችል ምንጭ ነው። በ1990 ዓ.ም. ገደማ በስምጥ ሸለቆ የተቋቋመው የአሉቶ ላንጋኖ ማመንጫ ችሎታው 7 ሜጋዋት ገደማ ሲሆን፣ በቴክኒክ ችግር ምክንያት ለረጅም ጊዜ ሥራው ተስተጓጉሏል። በሙከራ የሚቆፈር ጉድጓድ ወጪው ከባድ፣ ውጤቱም አስቀድሞ የማይታወቅ ስለሆነ እድገቱ አዝጋሚ ሆኗል። በ2010 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተመረቀው የረጲ ማመንጫ ደግሞ የከተማ ቆሻሻን አቃጥሎ ኤሌክትሪክ የማውጣት ሙከራ ነው፤ ዋና ጥቅሙም የቆሻሻውን ክምር መቀነሱ ነው። እነዚህ ሁለቱ ለደቡብ ጎንደር ደጋ በቅርብ የሚገኙ ምንጮች ባይሆኑም፣ የአንድ ቦታ ምንጭ ለሌላው ቦታ እንደማይሆን ለማሳየት ይጠቅማሉ።

የፀሐይ ኃይልና ከመስመር የራቀ መንደር

ኢትዮጵያ በአማካይ በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ መሬት ላይ በቀን 5 ኪሎዋት ሰዓት ያህል የፀሐይ ኃይል ታገኛለች። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች ቀዝቃዛ ከተማ ናት። ይህ ለፀሐይ ሰሌዳ እንቅፋት ሳይሆን ጥቅም ነው፤ ሰሌዳው የሚሻው ሙቀት ሳይሆን ብርሃን ስለሆነ በቀዝቃዛ አየር የተሻለ ይሠራል። ችግሩ ያለው በክረምት ነው። ከሰኔ አጋማሽ እስከ መስከረም መግቢያ ድረስ ጉናን የሚሸፍነው ደመናና ጉም የሰሌዳውን ምርት በእጅጉ ይቀንሰዋል። ደግነቱ የክረምቱ ወራት የትምህርት ቤቶች ዕረፍት ነው።

የፀሐይ ኃይል በትክክል ምን ሊሠራ፣ ምን ሊሳነው እንደሚችል በስሌት ማሳየት ይገባል። አንድ ሜትር ካሬ ስፋት ያለው ጥሩ ሰሌዳ በጠራ ቀን 1 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይሰጣል። እያንዳንዳቸው 10 ዋት የሆኑ 10 አምፑሎች ለ4 ሰዓት ቢበሩ የሚወስዱት 0.4 ኪሎዋት ሰዓት ነው። ስለዚህ ከበር የማይበልጥ አንድ ሰሌዳ፣ ባትሪ ታክሎበት፣ ለማታ ትምህርት የሚሆኑ ሁለት ሦስት ክፍሎችን ማብራት ይችላል። ለአንድ ቤተሰብ እንጀራ ምጣዱ ለአንድ ሰዓት ተኩል ቢግል ግን ከ5 ኪሎዋት ሰዓት በላይ ይወስዳል። ይህን አንድ ሰሌዳ ሊያደርገው አይችልም። በሰሜን ሸዋ በሬማ መንደር በ1990ዎቹ መጨረሻ ጎጆዎች በፀሐይ ኃይል ሲበሩ የታየው ውጤት የሚያስደስት ነበር፤ ልጆች ከኩራዝ ጭስ ነጻ ሆነው ማታ ማጥናት ቻሉ። ምድጃው ግን በማገዶ መንደዱን አላቆመም።

ሌላው ጉድለት ባትሪ ነው። ሰሌዳው 20 ዓመትና ከዚያ በላይ ሊያገለግል ሲችል ባትሪው በጥቂት ዓመታት ውስጥ ይዳከማል። የባትሪ መለወጫ በጀት ያልተያዘለት የፀሐይ መሣሪያ ከጥቂት ዓመት በኋላ በጣሪያ ላይ የቆመ መስታወት ሆኖ ይቀራል። የናፍጣ ሞተር ነዳጅ የመግዣ ችግር በሌላ መልክ ተመልሶ መጣ ማለት ነው።

በተራራማው ደጋ ሦስተኛ አማራጭ ሆኖ የሚነሣው አነስተኛ የወንዝ ማመንጫ ነው። በኢሉባቦር የሶር ማመንጫ በ5 ሜጋዋት፣ በባሌ የያዶት ማመንጫ በ350 ኪሎዋት ከዋናው መረብ የራቁ ከተሞችን ለማገልገል ተሠርተዋል። ከጉና የሚወርዱ ምንጮች ቁልቁለታቸው ለዚህ የሚያመች ይመስላል፤ ይሁን እንጂ ብዙዎቹ በክረምት ሞልተው በበጋ ይጎድላሉ። የበጋውም ጥቂት ውኃ ለመስኖ ይፈለጋል። ስለዚህ የእያንዳንዱ ወንዝ የበጋ መጠን በዓመታት ተለክቶ ሳይታወቅ ተርባይን መግዛት አደጋ አለው።

ረጅሙ መስመርና ቅርቡ ምንጭ

ከላይ የተዘረዘረው ታሪክ የሚያመለክተው ዋናው ምርጫ በውኃና በፀሐይ ወይም በነፋስና በናፍጣ መካከል ብቻ እንዳልሆነ ነው። ከሁሉ በላይ ያለው ጥያቄ ከሩቅ በሚመጣ ታላቅ መስመርና በአካባቢው በሚገኝ አነስተኛ ምንጭ መካከል ያለው ነው።

ታላቁ መስመር ብርቱ ኃይል ያመጣል። ምጣድ፣ ወፍጮ፣ የእንጨትና የብረታ ብረት ሥራ፣ የዩኒቨርሲቲና የሆስፒታል መሣሪያ ሁሉ የሚቆሙት በዚህ ነው። የአንዱ ወንዝ ጉድለት በሌላው ወንዝ ወይም በነፋስ ይካካሳል። ነገር ግን መስመሩ በአንድ ቦታ ሲበጠስ ከዚያ ወዲያ ያለው ሁሉ ይጨልማል። በ2013 ዓ.ም. ክረምት በሰሜኑ ጦርነት ወቅት ላሊበላን የመሰሉ ከተሞች ለወራት ያለ ኤሌክትሪክ የቆዩት የሚያመነጭ ወንዝ ጠፍቶ ሳይሆን መስመሩ ተቋርጦ ነው። ኤሌክትሪኩ ሲጠፋ የውኃ ፓምፑ፣ የክትባቱ ማቀዝቀዣና ወፍጮ ቤቱ አብረው ይቆማሉ። ከዚህም ሌላ ምሰሶው በመንደሩ አጠገብ አልፎ ወደ ቤት የሚገባበት ወጪ ስለሚከብድ ብርሃኑን በዓይኑ ብቻ የሚያይ ቤተሰብ ጥቂት አይደለም።

መንግሥት በ1998 ዓ.ም. የጀመረው የገጠር ኤሌክትሪክ ማስፋፊያ ፕሮግራም ከተሞችን ከመስመር ጋር በማገናኘት ላይ ያተኮረ ነበር። በ2011 ዓ.ም. የተሻሻለው ብሔራዊ ዕቅድ ግን ከሕዝቡ 65 በመቶው በዋናው መስመር፣ 35 በመቶው ከመስመር ውጭ በሆኑ ምንጮች እንዲገለገል አስቦ ነበር። ዕቅዱ በታሰበለት ጊዜ ባይፈጸምም አስተሳሰቡ ትልቅ ለውጥ ያሳያል፤ ከመስመር የራቀው መንደር ተራው እስኪደርስ በጨለማ ይቆይ ከማለት ይልቅ እስከዚያው የሚሆነውን ምንጭ ይዞ ይጠብቅ የሚል ነውና።

ማጠቃለያና አሳብ

ከጋፋት ምድጃ እስከ ሕዳሴ ግድብ ያለው ታሪክ ሲጠቃለል፣ ዋጋ የማያስከፍል የኃይል ምንጭ እንዳልተገኘ ያሳያል። እንጨትና ኩበት ዋጋቸውን ያስከፈሉት አፈሩንና ሴቶቹን ነው። ናፍጣ የውጭ ምንዛሪን፣ የጣና ውኃ ደግሞ ፏፏቴውንና መርከቡን፣ ፀሐይም የነገውን የባትሪ በጀት ያስከፍላሉ። መልካም ዕቅድ የሚባለው ዋጋውን ማን እንደሚከፍለው አስቀድሞ አውቆ፣ ከፋዩንም ጠይቆ የሚወጣ ዕቅድ ነው። በዚህም መሠረት የሚከተሉት ነጥቦች ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ይቀርባሉ።

ሀ) ትምህርቱ ከአካባቢው ይጀምር። በደቡብ ጎንደር ያለ ተማሪ ስለ ሩቅ ሀገር ማመንጫ ከመማሩ በፊት ስለ ጢስ ዓባይና ስለ በለስ ቢማር፣ ከፍታ፣ የውኃ መጠንና ኃይል ያላቸውን ግንኙነት በሚያውቀው ወንዝ ላይ አስልቶ ይረዳዋል።

ለ) ማነጻጸሪያው ሠንጠረዥ አይቅር፤ ነገር ግን ሁለት ዓምዶች ይጨመሩበት። አንዱ በየትኛው ወቅት የሚል፣ ሁለተኛው ጉዳቱ በማን ላይ የሚል ይሁን። ተማሪዎችም በቤታቸው በሳምንት የሚነደውን ማገዶና ኩበት መዝነው፣ ማገዶውን ለመልቀም የሚጠፋውን ሰዓት ቆጥረው እንዲያቀርቡ ቢደረግ ዓምዶቹ በእውነተኛ ቁጥር ይሞላሉ።

ሐ) ለትምህርት ቤት የኃይል መሣሪያ ሲታቀድ የመግዣው ብቻ ሳይሆን የአሥር ዓመት ማስኬጃው በአንድነት ይታሰብ። ናፍጣ ከሆነ ነዳጁና መለዋወጫው፣ ፀሐይ ከሆነ ባትሪው፣ መስመር ከሆነ ወርኃዊ ሒሳቡ በበጀት ላይ በስሙ ይጻፍ። በትምህርት ቤቱም መሣሪያውን የሚይዝ አንድ የሠለጠነ ሰው አስቀድሞ ይመደብ።

መ) ዋናው መስመር የደረሰበት ትምህርት ቤትና ጤና ጣቢያም አነስተኛ የፀሐይ ተጠባባቂ ቢኖረው መስመሩ በሚቋረጥበት ቀን ፈጽሞ አይጨልምም። መስመር ያልደረሰበትም ትምህርት ቤት በፀሐይ ጀምሮ መስመሩ ሲመጣ መሣሪያውን ተጠባባቂ ሊያደርገው ይችላል።

ሠ) ስለ ኤሌክትሪክ ሲታቀድ ምጣዱ አይረሳ። ብርሃን ብቻ የገባበት ቤት ጉናን ከመጨፍጨፍ አያድንም። የተሻሻለ ምድጃና የማገዶ ተክል ከመስመር ዝርጋታው ጎን ለጎን እስካልሄዱ ድረስ፣ ከተራራው የሚወርደው ደለል ነገ ብርሃን የሚሰጠውን ያንኑ ሐይቅ መሙላቱን ይቀጥላል።